የአክስቴ ሰው ሠራሽ

ሰባት ዓመቴ ሳለ አንድን ቤተሰብ በሙሉ በእሑድ ቀን ከቤቱ ነቅዬ አውጥቻለሁ። ዱላ አላነሣሁም፣ ድንጋይ አልወረወርኩም፤ የሰማሁትን ነው የተናገርኩት። ዛሬ በፍርድ ቤት ቃል መዝጋቢ ነኝ። ሰው ያለውን አንዲት ፊደል ሳልጨምር፣ አንዲት ፊደል ሳልቀንስ እጽፋለሁ። ዳኛው "ቃል በቃል ነው?" ሲሉኝ "ቃል በቃል ነው" እላለሁ። ያን ጊዜም ቃል በቃል መስሎኝ ነበር። ጉዱን ያመጣውም እሱ ነው።

ነገሩ የአባቴ ታናሽ እህት፣ የአክስቴ ነው። አክስቴ አዋላጅ ነበረች። ሰፈሩ ሁሉ "ሲስተር" እያለ ነው የሚጠራት። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት አልፎታል፤ ልጅ አልነበራቸውም። ሲሞት የተወላት አንዲት ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር ያላት፣ ፀሐይ የጠጣት ብርቱካንማ መኪና ናት። የሌላ ሰው መኪና ሲነሣ ያጓራል፤ የእሷ ግን እንደ ንብ ቀፎ ነበር የምትለው። ያ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ እርጉዝ ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው ደጅ ይወጣሉ፤ አንዳንዷ ቀኗ ሳይደርስ በድንጋጤ ምጥ የሚይዛት ይመስለኝ ነበር።

በየወሩ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ወደ ጋራዥ ስትወስድ እኔንም ታስከትለኛለች። የጋራዡን ባለቤት እኔ "ጋሽ መፍቻ" ነበር የምለው፤ የቱታው ኪስ ሁሉ መፍቻ ስለሆነ ሲራመድ እንደ ቁልፍ ጠባቂ ይንሿሿል። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የማይጠፋው ሰው ነው። አላገባም። የአክስቴ ባል የልብ ጓደኛ ነበር። ጋራዡን ከመክፈቱ በፊት ሙያ ማሠልጠኛ አስተምሯል፤ ከዚያ ይዞት የመጣው አመል የዕቃን ስም በውጭ ቃል ላለመጥራት መማል ነው። ባትሪን "የኃይል ቋት" ይለዋል። ደንበኞቹ ግማሹን አይሰሙትም፤ እጁ ወርቅ ስለሆነ ግን "ልክ ነው" እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

የዚያን ቅዳሜ እንደ ልማዴ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ መፍቻ ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ፣ በጨርቅ ጠረገው፣ መልሶ ከተተው፣ እንደገና መዘዘው።

"ይኸውልሽ፣ ጠጥታለች" አለኝ። ከአክስቴ ይልቅ ለእኔ ማስረዳት ይቀለው ነበር። ጨርቁን ሦስት ማዕዘን አድርጎ አጠፈና ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ያዞረው ጀመር። "ሌላ መኪና ውስጥ ያለው ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። እዚች ውስጥ ያለው ግን ይዞራል። ሦስቱ ጥጎቹ ግድግዳውን እየታከኩ ነው የሚዞሩት። ዘይት ካላገኙ ይፍቁታል። ስለዚህ መኪናዋ ዘይቱን ሆን ብላ ትንሽ ትንሽ ከነዳጁ ጋር ታቃጥለዋለች። ዘይቷን ትበላለች ማለት ነው።"

"በቀን ስንቴ?" አልኩት።

ይኸኔ አክስቴ ከቦርሳዋ አንድ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረገች። ጋሽ መፍቻ አነሣው፣ ወደ ብርሃኑ አዞረው፣ መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ከዚያ እንደ እሳት የነካው ሰው ዘወር አለባት።

"ሰው ሠራሽ?"

"አዎ" አለች አክስቴ። "ምነው?"

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልናገር። ዛሬ ማንም እንደሚያውቀው ሰው ሠራሽ ዘይት ማለት ከመሬት የወጣው እንዳለ ሳይሆን በፋብሪካ የተቀመመ ዘይት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ይህን ከየት ታውቃለች? አንድ ሰው አንዲትን ሴት "በላሽ?" ቢላት መብላቷን፣ "ጠጣሽ?" ቢላት መጠጣቷን ነው የሚጠይቃት። "ሰው ሠራሽ?" ሲላትም እንዲሁ ነው። አክስቴ ደግሞ አዎ አለች! ከጎማው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

"ማን ነው እዚህ ውስጥ የከተተሽ?" አላት።

"ማንም አልከተተኝም። ባለፈው ወር ያዋለድኳት ሴት ባሏ መርከበኛ ነው። ከውጭ አመጣልኝ።"

"መርከበኛ!" አለ ጋሽ መፍቻ። "መርከበኛ ምን አገባው? ባልሽ ቢኖር ምን ይል ነበር? ዕድሜውን ሁሉ በተለመደው መንገድ ነው የሄደው።"

"ባሌ የለም" አለች አክስቴ ረጋ ብላ። "አራት ዓመቱ። እኔ ግን አለሁ። ያለፈው ሳምንት መኪናዋ መንገድ ላይ ጠፍታብኝ ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ ቦርሳዬን ተሸክሜ በሩጫ ነው የደረስኩት። ሞተር እስኪሞቅ የምትጠብቅ ምጥ የለችም። ይሄኛው ጠዋት በብርድ ሞተሩ ውስጥ ቶሎ ይደርሳል፣ ሙቀትም ይችላል።"

"ሙቀት መቻሉ አይደል ጣጣው! የሚችል ከሆነ አይቃጠልም። ካልተቃጠለ ውስጥ ተጋግሮ ይቀራል። ያኔ ነይና አውጣልኝ በይኝ!"

"ያ የድሮው ነው። ይሄ ንጹሕ ሆኖ ይቃጠላል። አንብበው እንጂ። ደግሞ በየወሩ አላስቸግርህም፤ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ያስኬዳል።"

ጋሽ መፍቻ ቆርቆሮውን አስቀመጠ። ድምፁ ወረደ።

"ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር እስኪሞላሽ ላትመጪ ነዋ?"

"እስከ ነገ አስብበትና ሐሳብህን ንገረኝ" ብላ አክስቴ ቆርቆሮዋን አነሣች።

ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ማጅራቷን አየሁት። ሰው የሠራች አትመስልም።

"አክስቴ፣ ሰው ሲሠራ ያማል?" አልኳት።

አዋላጅ ናትና እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አይገርማትም። "ያማል" አለች። "ግን ይረሳል።"

"ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"ዘጠኝ ወር።"

"ያንቺስ?"

"የኔ?" አለች ሰዓቷን እያየች፤ ወደ ቤት የቀረንን መንገድ ነው የጠየቅኋት የመሰላት። "አሁን እንደርሳለን።"

አያቴ፣ ማለትም የአክስቴ እናት፣ ከእኛ ጋር ነበር የምትኖረው። ስገባ መስኮት ሥር ተቀምጣ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት አንድ ዓይኗን ጨፍናለች።

"አያቴ፣ አክስቴ ሰው ሠርታለች።"

"እ?"

"ጋሽ መፍቻ 'ሰው ሠራሽ?' አላት። 'አዎ' አለችው። 'ማን ነው የከተተሽ?' ሲላት 'መርከበኛ ነው፤ ከውጭ አመጣልኝ' አለች። እሱ 'ባልሽ ቢኖር ምን ይል ነበር' አላት። ደግሞ 'ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር እስኪሞላሽ ላትመጪ ነዋ?' አላት።"

አያቴ ክው አለች። መርፌው የት እንደወደቀ እስከ ማክሰኞ አልታወቀም፤ ማክሰኞ አባቴ ተቀምጦበት አገኘው።

ምሳ ሳይበላ ሸንጎ ተሰየመ። አባቴ የመልክዓ ምድር አስተማሪ ነው። ነገሩን ሁለቴ አስደገመኝ፤ ሁለቴም አልተዛነፈብኝም። ከዚያ አትላሱን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ፣ ማስመሪያ ያዘ፣ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትሩን ለካ።

"ይሄ የትም አያደርስም" አለ ግንባሩን እየጠረገ። "ባሕር መሃል ነው የሚያርፈው።"

"መርከበኛ ነው ተብሎ የለም እንዴ?" አለች አያቴ። "ታዲያ የት ሊያርፍ ኖሯል?"

እናቴ ሰሃን እያቀረበች ነበር። "ልጅ እኮ ናት" አለች። "ምኑን ሰምታው ነው?"

"ልጅ አይዋሽም" አለ አባቴ።

"አይዋሽም፤ ግን አያውቅም።"

"ዝም በይ አንቺ" አለቻት አያቴ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ እኮ ሰሞኑን ፊቷ ወፍሮ አይቻታለሁ።"

አክስቴን ራሷን ለምን እንዳልጠየቋት እያደግሁ ስሄድ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ፈሯት ይመስለኛል። አክስቴ የሰፈሩን ሴት ሁሉ ምስጢር የምታውቅ፣ አንዱንም ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት፤ እንዲህ ያለ ሰው ምስጢሩን ሲጠይቁት ያስፈራል። ስለዚህ ከእኛ በፊት ያወቀውን፣ ጋሽ መፍቻን፣ ሊጠይቁት ተስማሙ። እኔ ምስክር ሆኜ እንድሄድ ተወሰነ። በዚያች ሌሊት ከደስታ ብዛት ጫማዬን አድርጌ ነው የተኛሁት።

እሑድ ከሰዓት አራታችን ጋራዥ ደረስን። እናቴም መጥታለች፤ ለምን እንደመጣች ከብዙ ዓመት በኋላ ስጠይቃት "ይህን ላጣ?" አለችኝ። ጋሽ መፍቻ የሚኖረው ከጋራዡ ጀርባ ነው። በእሑድ ቀንም ቱታውን አላወለቀም። ሲያየን ከጠረጴዛው ተነሥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። "የእህቴን ነገር ሰምተናል" አለ።

"ሰማችሁ?" አለ ጋሽ መፍቻ ተገርሞ። "እንግዲህ እኔ ተቃውሜያለሁ። ለምኛታለሁ። አልሰማ ብላ በራሷ ሐሳብ ነው ያደረገችው።"

"መርከበኛውስ?" አለች አያቴ።

"መርከበኛው ምን ቸገረው? አምጥቶ ሰጣት፣ መርከቡ ላይ ወጣ፣ ሄደ። ጣጣው የኛ ነው።"

"ሄደ!" አያቴ ደረቷን በመዳፏ መታች። "አሁን እንግዲህ ምን ይሻላል ትላለህ?"

ጋሽ መፍቻ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። "አሁንም ቢሆን አልረፈደም። ካልፈለገችው ለሌላ ሰው መስጠት ነው። የሚፈልግ ሞልቷል። እኔ ራሴ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ፤ ዛሬ ይምጡ ብትሉኝ ዛሬ መጥተው ይወስዱታል።"

"አፍህ ይያዝ!" አለች አያቴ። "እኔ በሕይወት ቆሜ ደሜን ለባዳ? አላደርገውም!"

ጋሽ መፍቻ ወደ አባቴ ዞረ። ዘይትና ደም ምን እንዳገናኛቸው ሊጠይቀው ነበር መሰለኝ። አባቴ ጣሪያውን ያያል። እናቴ መሃረቧን አፏ ውስጥ ከትታለች። አያቴ ግን ከጀመረች የምትመለስ ሴት አይደለችም፤ ወደ ጋሽ መፍቻ ተጠጋች።

"ስማኝ ልጄ" አለችው። "አንተ ጨዋ ሰው ነህ። ሟቹ አማቼ ከወንድሙ አስበልጦ ነበር የሚወድህ። ይህን ሁሉ ዓመት ልጄ ስትገባ ስትወጣ ዓይንህ የት እንደሚያርፍ ያላየሁ አይምሰልህ፤ ዕውር አይደለሁም። ያለፈው አለፈ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ታገባታለህ ወይስ አታገባትም?"

እጁ ላይ የነበረው መፍቻ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። በጣም ብዙ ጊዜ አቃጨለ። ጋሽ መፍቻ አልጎነበሰም።

"እንዴት አወቃችሁ?" አለ ቀስ ብሎ።

ጨርቁን ከጠረጴዛው አነሣና ጨበጠው።

"ከፈቀደች አገባታለሁ" አለ።

ይኸኔ ነው የንብ ቀፎው ድምፅ የመጣው። አክስቴ ለሐሳቡ በቀጠረችው ቀን መምጣቷ ነው። መኪናዋን በር ላይ አቁማ፣ ቆርቆሮዋን በብብቷ ይዛ ገባች። ሁላችንንም በተራ አየችን።

"ምን ሆናችኋል? ማን ሞተ?"

"የሞተ የለም" አለች አያቴ። "የሚወለድ እንጂ።"

"ማን ወለደች?"

"አንቺ!"

እናቴ ከዚህ በላይ አልቻለችም፤ ጎማው ላይ ዘፍ ብላ ተቀምጣ እስክታለቅስ ሳቀች። አባቴ በጣቱ እናቴ አጠገብ የተቀመጥኩትን እኔን አሳየ። አክስቴ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለች። "ምንድን ነው ያልሽው? ሳትፈሪ ንገሪኝ" አለችኝ። አራተኛ ጊዜዬ ስለሆነ ውሃ አድርጌዋለሁ፤ ከ"ሰው ሠራሽ?" ጀምሬ እስከ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትሩ አወረድኩት።

ሰምታኝ ስትጨርስ ቆርቆሮውን ከብብቷ አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። "ይኸውልሽ ሰው ሠራሹ" አለች።

ከባድ ነበር። ነቀነቅሁት። ውስጡ ቦጭ ቦጭ አለ።

"ውስጡ ሰው አለ?" አልኳት።

አክስቴ ያን ጊዜ የሳቀችውን ሳቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼው አላውቅም። ጠረጴዛውን ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ያልሳቀችውን ሁሉ ሳቀችው። አባቴ እንኳ ፈገግ አለ። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ጋሽ መፍቻ ነው፤ ጨርቁን እንደያዘ ደርቆ ቀርቷል። ሌላዋ አያቴ ናት፤ ከቤቷ ድረስ በእግሯ መጥታ ባዶ እጇን የምትመለስ ዓይነት አይደለችም።

"ይሁን" አለች ነጠላዋን እያስተካከለች። "ልጁ ይቅር። እሱ ግን ያለውን ብሏል።"

"ማን? ምን አለ?" አለች አክስቴ ዓይኗን እየጠረገች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሥራዬ እንደሆነ ገባኝ።

"'ከፈቀደች አገባታለሁ' አለ" አልኳት። "ከዚያ በፊት ደግሞ 'እንዴት አወቃችሁ?' ብሏል።"

አክስቴ ጋሽ መፍቻን አየችው። እሱ ወለሉን አየ። ቆርቆሮዋን ከጭኔ ላይ አንሥታ ወጣች፤ የንብ ቀፎው ድምፅ ርቆ ርቆ ጠፋ።

እኔ ያን ቀን የገባኝ፣ ጋሽ መፍቻ ለሞተሩ ብሎ እንደተጨነቀ ነው። ያን ያህል የሚወዳት መኪናዋን መስሎኝ ነበር። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ አንድ ቀን ሐቁን ራሱ ነገረኝ። ባለሙያ በዚያ ሞተር ዘይት ላይ ዛሬም ይከራከራል፤ እሱ ግን ያን ቆርቆሮ ገና ሲያነበው ጥሩ ዘይት መሆኑን አውቋል። "የተለመደው ዘይት ቶሎ ይጠቁራል" አለኝ። "በየወሩ መቀየር ያስፈልገዋል። በየወሩ ደግሞ ሲስተር ትመጣለች። ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ስትለኝ ቆጠርኩት፤ ሦስት ወር ሆነብኝ።"

አክስቴ አምስት ሳምንት ከጋራዡ ጠፋች። አያቴ በየቀኑ "ምን አሉ?" ትላለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ መፍቻን አየዋለሁ፤ አንዱን መፍቻ አሥር ጊዜ ይወለውላል፣ ንብ በጆሮው ሥር ባለፈች ቁጥር ወደ በሩ ይዞራል። ነገሩ ሁሉ በእኔ ምክንያት እንደተበላሸ ስላወቅሁ በዚያ በኩል ሳልፍ ቦርሳዬን ፊቴ ላይ አድርጌ ነበር የማልፈው።

በስድስተኛው ሳምንት ቅዳሜ አክስቴ መኪናዋን በራችን ላይ አቁማ ጥሩንባ ነፋች። "ነይ ግቢ" አለችኝ።

ጋራዡ ውስጥ ቆርቆሮውን ጠረጴዛ ላይ አኖረችለት። "ቀይርልኝ" አለችው።

"በየትኛው?"

"በዚህ።"

ጋሽ መፍቻ የድሮውን ዘይት አወረደ። ጥቁር ነበር፣ ቀጭን ሆኖ ፈሰሰ። የሚወርደውን እያየ፣ ጀርባውን ለእሷ እንደሰጠ ተናገረ።

"ዘይቱ ምንም የለበትም። እኔ ነኝ የዋሸሁ። ለመኪናዋ ከኔው ይሻላል።"

"አውቃለሁ" አለች አክስቴ። "ማንበብ እችላለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ገና ማር የመሰለ ዘይት 'ቆሽሿል' እያልክ ስታፈስ እኮ ቆሜ አይቼሃለሁ።"

"አይተሽ ነው ዝም ያልሽው?"

"አይቼ ነው የመጣሁት።"

ዞረ። አክስቴ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ምጥ ያለበት ቤት በር ላይ ስትቆም እንደዚያ ነው የምትይዘው።

"አሁን ግን ስማኝ" አለችው። "መኪናዋ የሚሻላትን ታግኝ። እኔ መንገድ ላይ መቅረት አልችልም። አንተን ለማየት ደግሞ የግድ ዘይት መቆሸሽ የለበትም።"

ጋሽ መፍቻ ቆርቆሮውን ከፈተና ማፍሰስ ጀመረ። ጠብታ አስተርፎ የማያውቀው ሰውዬ ሞተሩን፣ መከላከያውን፣ የገዛ ጫማውን ዘይት አጠጣ። አክስቴ እጁን ይዛ ቆርቆሮውን ቀና አደረገችለት። ከዚያም እጁን አልለቀቀችውም። እኔ ጎማው ላይ ሆኜ ዘይት ለመቀየር ሁለት ሰው ማስፈለጉ ገረመኝ።

"ነይ አንቺ" አለችኝ አክስቴ፣ ሳትዞር። "ሮጠሽ ሂጂና ለአያትሽ ንገሪያት።"

"ምን ልበላት?"

"'አገባዋለሁ ብላለች' በያት። ቃል በቃል። ምንም አትጨምሪ።"

እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። አያቴ መስኮቱ ሥር የአባቴን ሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። ሳል እስኪያፍነኝ ድረስ ተጣድፌ ነገርኳት።

አያቴ ቀና አላለችም።

"'አገባዋለሁ' ነው ያለችው ወይስ 'አስገባዋለሁ'?"

"'አገባዋለሁ'!"

"የት ነው የነበሩት?"

"ጋራዥ። ዘይት እየቀየሩ።"

"አስገባዋለሁ ነው ያለችው" አለች አያቴ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች። "ዘይቱን ነው።"

ማልኩ፣ ተገዘትኩ፣ እግሬን መሬት ላይ መታሁ። ወይ ፍንክች! አባቴን አስጠራችውና "ሂድ አንተ አጣራ፤ አትላስህን ግን ተወው" አለችው። እሱ ሄዶ፣ ጠይቆ፣ አረጋግጦ መጣ። እሱንም አላመነችውም፤ ያልኩትን እኔ አስጠንቼው የላክሁት መስሏት ነበር። ሠርጉ በሦስተኛው ወር ሆነ። የሠርጉ ዕለት ጠዋት አዲስ ልብሷን ለብሳ፣ ሽቶ ተቀብታ፣ ከሁላችንም ቀድማ ተዘጋጅታ በሩ ላይ ቆማለች። መኪናው መጥቶ ሁላችንም ከተሳፈርን በኋላ አያቴ ግን አንድ እግሯን አስገብታ ቆመች፤ እኔን በጎን እያየች ወደ አባቴ ጠጋ አለችና "ለመሆኑ ከእህትህ ከራሷ አፍ ሰምተሃል?" አለችው።